የሐይቁ ወንጌል ለማን ይታያል?

ከደሴ ወደ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ ውሃ ዘልቃ የገባች መሬት ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታዋ ድሮ ደሴት ነበረች፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብሱ ጋር ተያያዘች። የእንግዳ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሕንፃው ላይ ነው። የገዳሙ ትልቁ ቅርስ ግን፣ በእኔ ግምት፣ አንድ የብራና መጽሐፍ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ያቋቋሙት በ1248 አካባቢ ነው (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የራሳቸው ሥዕልም በውስጡ አለ። ሥዕሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ የሥነ ጥበብ ሰዎች ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። መነኮሳቱ ግን ባዶ ቅጠሎቹን የገዳሙ መዝገብ አደረጓቸው፤ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሳይቀር እዚያው አሰፈሩ። በአገራችን የርስትና የጉልት ቃል በወንጌል ላይ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቅዱስ መጽሐፍ ላይ ቃል የሚፍቅ ሰው ከባላጋራው ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ውግዘትም ጋር ይጋፈጣል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ያጠኑትም ገዳሙ የራሱን ጽሑፍ ስላቆየ ነው።

በ1531 ገደማ የኢማም አህመድ ጦር ውሃውን ተሻግሮ የገዳሙን ወርቅና ብር ወሰደ። ወርቅ በማንም እጅ ወርቅ ነው። ይህ ወንጌል ግን ሙሉ ዋጋ ያለው ለሚያነቡትና በላዩ ስማቸው ለተጻፈላቸው ሰዎች ነበር፤ እነሱም አቆዩት።

እንዲህ ያለ ቅርስ ሙዚየም ይግባ ቢባል፣ ሙዚየሙ ይህን ዓይነት ባለቤት ከየት ያመጣል? በደሴ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ሙዚየም ሆኖ ነበር፤ በ2021 ከተማዋ በጦርነት በተያዘች ጊዜ ተዘረፈ። ግንቡ መልካም ነበር፣ ዕቃውም ለሕዝብ ክፍት ነበር። ዕለት በዕለት የሚገለገልበት ማኅበር ግን አልነበረውም። በርግጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲመጣ የትኛውም በር ዋስትና አይሆንም፤ ልዩነቱ ዕቃውን ይዞ የሚሸሽ ሰው መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

የገዳሙ አጠባበቅም ዋጋ አለው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ የሐይቅ ከተማ ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ወንጌሉን አታይም። መጽሐፉ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ስለሚገኝ ግን እዚያ ያለች ተማሪ ገጾቹን ታገላብጣለች! ሥርዓቱን መንካት አያስፈልግም። የገጾቹን ጥሩ ቅጂ ከተማዋ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር መስቀል ይቻላል። ዋናውን መነኮሳቱ ይጠብቁ።