ከብራና እስከ ስልክ፦ መሣሪያው ሲለወጥ ፊደሉን ማን ይጠብቅ?

በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች የሚገኙ አጥቢያዎች የታላቅ የጽሕፈት ቅርስ ወራሾች ናቸው። የሊቁ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ገዳም የሚገኘው በዚሁ በቦረና ምድር ነው። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1424 የፈጸሙት መጽሐፈ ምሥጢር በየበዓላቱ በጉባኤ እንዲነበብ ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ድርሰት ነው። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በአብዛኛው የሚጻፈው አንዱ ሲያነብ ብዙዎች እንዲሰሙ ነበርና።

ብራና ውድ ነው። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በወስፌ ይሠመራል፤ ከዚያም በመቃ ብርዕ አንድ በአንድ ይጻፍበታል። ይህ ዝግታ ጸሐፊው እያንዳንዱን ፊደል አስቦ እንዲመርጥ ጊዜ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ብራናው ሁሉን አይናገርም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ ተነሹንና ወዳቂውን ተማሪው የሚያገኘው ከንባብ ቤት መምህሩ አፍ ነው።

ኅትመት ሲመጣ አንዱ መጽሐፍ ለብዙዎች ደረሰ። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ በሀገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጽሕፈት መኪና ግን ከ200 የሚበልጡትን የፊደል ቅርጾች የሚችል ቁልፍ ስላልነበረው፣ ቅጥያዎችን በፊደሉ ላይ እየለጠፈ ይጽፍ ነበር። ይህ ችግር በኮምፒውተር ላይ የተቃለለው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሰጠ በኋላ ነው።

አዲሱ ፈተና ከዚህ ይጀምራል። በስልክ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነካው ለጣቱ የቀረበውን ፊደል ነው፤ ንጉሡ «ሠ» በእሳቱ «ሰ»፣ ሐመሩ «ሐ» በሃሌታው «ሀ» ይተካሉ። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ ማለት ነው። መምህሩ በሌለበት ይህን ልዩነት የሚያርም የለም።

ጉዳቱ በንባብ ብቻ አይወሰንም። የክርስትና መዝገብ በኮምፒውተር ሲገባ «ወልደ ሥላሴ» እና «ወልደ ስላሴ» ለመሣሪያው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ፈልጎ የሚመጣ ምእመን ስሙ በመዝገብ እያለ «አልተገኘም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገሮችን ቢወስኑ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የክርስትና ስሞችን ትክክለኛ አጻጻፍ በመሪጌታው አስመርምረው አንድ ዝርዝር ያዘጋጁ፤ መዝጋቢውም ከዚያ አይውጣ። ሁለተኛ፣ ወደ ኮምፒውተር የገባ መዝገብ የወረቀት ቅጂው በደረቅና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋልና። ሦስተኛ፣ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ መነሣታቸው መልካም ቢሆንም፣ ፎቶው የመጽሐፉን ቦታ ስለማይተካ ብራናው ከዕቃ ቤት እንዳይወጣ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ከሁሉ በላይ ግን የንባብ ቤት መምህሩ ቀለብና ደመወዝ በዓመቱ በጀት ውስጥ ይግባ፤ መሣሪያው የማይይዘውን የሚይዙት እርሳቸው ናቸውና።