ለጓሮ ቲማቲም የትኛው ዘር ያዋጣል?

ክረምት ሲገባ ከመቂና ከዝዋይ የሚጫነው ቲማቲም ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይሰቀላል። በከተማ ጓሮ ያለው ሰው ታዲያ ለቤቱ የሚበቃውን ራሱ ለማምረት ቢያስብ አይደንቅም። ሆኖም ትርፉና ኪሳራው የሚወሰነው ገና ዘር ሲገዛ ነው።

ነጋዴው የሚፈልገው መንገድ የሚችል ቲማቲም ነው። ሮማ ቪኤፍ ሥጋው ወፍራም በመሆኑ የሳጥንና የመኪና ጭነት ይቋቋማል፤ ለወጥና ለድልህም ይመቻል። «ቪኤፍ» የሚሉት ፊደላት ዘሩ ከአፈር የሚነሡ ሁለት የማጠውለግ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። የጓሮ አምራች ግን የጭነት ሥጋት የለበትም። ስለዚህ ለሰላጣ ክብና ውኃማ የሆነውን ማርግሎብን መምረጥ ይችላል። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካ ሳልሳ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ለድልህ ተመራጭ ነው።

የአበቃቀል ጠባይም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። አጭሩ ዝርያ ፍሬውን በአንድ ሰሞን ስለሚያደርስ ድልህ ለሚያዘጋጅ ያመቻል። እያደገ የሚሄደው ረጅም ዝርያ ድጋፍ እንጨት ቢፈልግም ለወራት ይለቀማል።

ሃይብሪድ የሚባለው ዲቃላ ዘር ምርታማ ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው። ከፍሬው የተለቀመው ዘር ተመልሶ ቢዘራ የእናቱን ጠባይ አይጠብቅም፤ በየጊዜው መግዛት የግድ ነው። ሮማ ቪኤፍና ማርግሎብ ግን ዘራቸው ተቀምጦ ሊዘራ ይችላል።

ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው አዲስ አበባ የሌሊቱ ብርድ ፍሬውን ያዘገያል፤ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ቅጠል የሚያቃጥል በሽታ ያመጣል። ስለሆነም በበጋ እያጠጡ ማልማት፣ በክረምት ከሆነም ከዝናብ መከለል ከኪሳራ ያድናል።