የሬት ጭማቂና የጨጓራ ነገር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ የጨጓራን ነገር የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ጨጓራ ሲነሳ ደግሞ ዶርሙ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። በብዛት ከሚሰሙት ምክሮች አንዱ «የአሎቬራ ጭማቂ በባዶ ሆድ ጠጣ» የሚለው ነው። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ «በሱሑር ጠጥተህ ጹም» ይጨመርበታል። ይህ ምክር የቱ ላይ ልክ ነው? የቱ ላይስ ይጎዳል?

በአማርኛ ሬት፣ በአፋን ኦሮሞ ሀርጊሳ፣ በዐረብኛ ሰቢር የምንለው ተክል ለዲናችን እንግዳ አይደለም። በሰሒሕ ሙስሊም ከዑስማን (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ፣ በኢሕራም ላይ እያለ ዓይኑን ያመመው ሰው ሰቢር እንዲያደርግበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመልክተዋል። ሐዲሱ የሚናገረው ግን ከውጭ ስለሚደረግ ሕክምና ነው። ይህን ይዞ «መጠጣቱ ሱንና ነው» ማለት ሐዲሱ ያላለውን ማስባል ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንምጣ። አንድ የሬት ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል። ይህ አንጀትን አነሣሥቶ ሆድ ያስቀምጣል። መሀሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ደግሞ 99 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። ስለ አሎቬራ ጥቅም የሚነገረው በአብዛኛው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ማስረጃውስ? እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት የትልቁ አንጀት ቁስለት ያለባቸው 44 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ዝልግልጉን በቀን ሁለት ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ለ4 ሳምንት ከጠጡት 30 ሰዎች 9ኙ ሕመሙ ጋብ ብሎላቸዋል፤ ማስመሰያ ከጠጡት 14 ሰዎች ደግሞ 1 ብቻ። ተስፋ ሰጪ ነው። ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተጠናውም ትልቁ አንጀት እንጂ ጨጓራ አይደለም።

ቢጫው ፈሳሽ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ አምራቾቹ የደኅንነት መረጃ ስላላቀረቡ፣ ከእሱ የተሠሩ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ከሙሉ ቅጠል የሚወጣውን ጭማቂ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ነገሮች ጎራ መድቦታል።

ፋብሪካ አሎይኑን የሚያስወግደው ጭማቂውን በልዩ ከሰል አጣርቶ ነው። የዘርፉ መለኪያ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ ይላል። የቤት መፍጫ ይህን አያደርግም። በተጨማሪም በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የሬት ዓይነቶች ይበቅላሉ፤ በየሜዳው የምናየው ሬት ሁሉ አሎቬራ አይደለም። ከአጥር ሥር ቆርጦ ፈጭቶ መጠጣት ምን እንደጠጡ አለማወቅ ነው። በሱሑር ሲሆን ደግሞ ተቅማጡ ሰውነትን ያደርቃል፤ ጾመኛው እስከ መግሪብ የሚተካበት ውኃ የለውም።

ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ የጨጓራ ቁስለት ምክንያቱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህን ያሳዩት ማርሻልና ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያቆስላሉ። ባክቴሪያው በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ በሐኪም በሚታዘዝ ፀረ ባክቴሪያና አሲድ መቀነሻም ይድናል። የሬት ጭማቂ የዚህ ምትክ አይሆንም።

ስለዚህ፦

1. ሕመሙ ከተደጋገመ ተመርመሩ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ አንድ ቀንም አትቆዩ።
2. በቤት የተፈጨ ሙሉ ቅጠል አትጠጡ።
3. የታሸገ ከገዛችሁ ከውስጠኛው ዝልግልግ መሠራቱንና መጣራቱን ጽሑፉ ላይ አንብቡ። እንክብል ከሆነ ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራም ጠይቁ።
4. ነፍሰ ጡር እህቶች፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕሙማን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

በዐረብኛ ሰቢርና ሰብር፣ ማለትም ሬትና ትዕግሥት፣ የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደላት ነው። ለጨጓራችን የሚበጀው ምናልባት ሁለተኛው ነው፦ ወረፋ ጠብቆ መመርመር፣ የታዘዘውንም መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ ሳያቋርጡ መጨረስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናልና መታከም ተወኩልን አይቃረንም።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።