ሟሟ ማለት ልክ ሆነ ማለት አይደለም

ክረምት ሲገባ የልጆች ተቅማጥ ጥያቄ ይበዛብኛል። በውስጥ መስመር ቶሎ ቶሎ ከሚደርሱኝ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ 1 ሊትር አይጨርስልኝም። ኦአርኤሱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብበጠብጠውስ? ሞክሬው ጥርት ብሎ ሟሟ እኮ!»

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ግን እኔ ከምነግራችሁ እቤታችሁ ብታዩት ይሻላል።

እስቲ ሦስት እኩል ብርጭቆ ውሃ አቅርቡ። አንዱ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለተኛው ላይ አንድ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለት ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡ። (የታሸገውን ንጹሕ ጨው ተጠቀሙ፤ ያልተጣራው ከስር አፈር ያስቀምጥና ያሳስታችኋል።) ትንሽ ጠብቁና የብርጭቆዎቹን ቦታ አቀያይራችሁ ሌላ ሰው ጥሩ፤ «ጨው የበዛበት የቱ ነው?» በሉት። ሦስቱም ጥርት ያሉ ናቸው፤ በዓይን መለየት ይቸግረዋል። አትጠጡት ብቻ!

ከዚህ ምን እንደመድማለን? ጨው ሲሟሟ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ምን ያህል እንደገባም ውሃውን በማየት አይታወቅም። በቃ፣ ሙከራው የሚለው ይህንኑ ነው። «ስለዚህ ለልጄ ይሆናል» የሚለው ግን ከብርጭቆው የመጣ ሳይሆን እኛ የጨመርነው ነው።

በቁጥር እንየው። 1 ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ ጨው ማሟሟት ይችላል። ብዙዎች ለምለም በሚሉት የኦአርኤስ ፓኬት ውስጥ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት፣ ለ1 ሊትር የሚሆን 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለ። ማለትም ውሃው ከሚያስፈልገን ከ100 እጥፍ በላይ ጨው ውጦም ጥርት እንዳለ ይቆያል።

«በሙቅ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ ይጠነክራል» የሚሉም አሉ። የተቀየረው ፍጥነቱ ነው፤ የዱቄቱ መጠን ያው ነው። ውሃውን ለንጽሕና አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ በጥብጡ።

ወደ አንጀት እንምጣ። ሶዲየምና ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ ላይ ባለ አንድ በር አብረው ይገባሉ፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ስኳሩ የተጨመረው ለጣዕም እንዳይመስላችሁ። ይህ እንዲሠራ ግን መጠኑ ወሳኝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የውህዱን ጥንካሬ ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል በሊትር ዝቅ ያደረገው ሰገራና ትውከትን ስለቀነሰ ነው። ያንን ፓኬት በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ስንበጠብጠው 5 እጥፍ አጠነከርነው ማለት ነው።

ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ስስ የድንች ቁራጭ ውሰዱ። አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ሁለት ማንኪያ ጨው ባለው ብርጭቆ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። የጨው ውሃ ውስጥ ያለው ልፍስፍስ ብሎ ይተጣጠፋል፤ ውሃው ወጥቶበታል። አንጀት ድንች አይደለም፣ ልክ ነው። የውሃው አካሄድ ግን ይመሳሰላል፦ ወደ ወፈረው ያደላል። ውሃ ባለቀበት ሕፃን ላይ ይህ ሲሆን ተቅማጡ ይብሳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይጨምራል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። በጣም ማቅጠንም አይበጅም፤ ውሃው ይገባል፣ የወጣው ጨው ግን አይተካም።

ስለዚህ ሙሉውን ፓኬት በአንዴ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጡ። አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው፤ ለትንሽ ውሃ የተዘጋጀም ስላለ ሳታነቡ አትቅደዱት። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው፤ የግማሽ ሊትሩ ከሆነ ሁለቴ። ስኳር፣ ለስላሳ፣ ወተት አትጨምሩበት። ልጁ 1 ሊትሩን መጨረስ የለበትም፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው፣ ኦአርኤሱን በመንገድ ላይ እየሰጣችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።