ጭልፊት ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?

ባለፈው ሳምንት ፊደል ስንቆጥር አንድ እናት ድንገት ተነሥተው ሮጡ። ጭልፊት ጫጩታቸውን ነጥቆ ሄደ። «መርዝ ነው የሚሻለው!» አሉ ተናደው። በዚህ ላይ ተወያየን።

ጭልፊትን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ሰማይ ላይ ይዞራል። መልኩ ቡናማ ነው። ጅራቱ እንደ መንሽ ጫፉ የተከፈለ ነው። በጅራቱ እየተመራ ይታጠፋል። ክብደቱ 1 ኪሎ አይሞላም።

ጭልፊት ምግብ አይመርጥም። ከሥጋ ቤት ደጅ ቁራጭ ያነሣል። ከመንገድ የሞተ እንስሳ ይበላል። ከማሳ አይጥና ፌንጣ ይይዛል። ሣር ሲቃጠልም ከእሳቱ የሚሸሹትን ነፍሳት ይለቅማል። ከሰው አጠገብ መኖር የቻለው ስለዚህ ነው።

ጎጆውን ረጅም ዛፍ ላይ በጭራሮ ይሠራል። አሮጌ ጨርቅም ይጨምርበታል። ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ይጥላል። 1 ወር ያህል ይታቀፋል።

መርዝ ብናደርግስ? መርዙን ውሻም ጥንብ አንሣም ይበላዋል። መርዝ የበላች አይጥን የበላ ጭልፊትም ይሞታል። ጭልፊት ሲያልቅ ጎተራችንን የሚያራቁት አይጥ አንድ አዳኙን ያጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጫጩቶች ላባ አውጥተው እስኪጠነክሩ ቅርጫት እንድፋባቸው። ሜዳ ሲወጡም ልጅ ይጠብቃቸው።

እኚያ እናት በመጨረሻ ሳቁ። «እንግዲያስ ጫጩቴን እኔ ልጠብቅ፤ አይጡን እሱ ይብላልኝ» አሉ።

ጥያቄ፦ በእናንተ ቀበሌ ጭልፊት ምን ሲበላ አያችሁ? ጽፋችሁ አምጡ።