ለኮምፒዩተር የሚስማማ ዲስክ አንባቢ አመራረጥ

የወላጆቻችሁ ሠርግ የተቀረጸበት ዲቪዲ በሣጥን ተቀምጦ ይሆናል። በቤት የሚቀረጽ ዲቪዲ ምስሉ የሚጻፈው በስስ ቀለም ላይ በመሆኑ፥ እንደ ቆቦ ባለ ሞቃት የራያ ቆላ ከሙቀትና ከፀሐይ ካልተጠበቀ ይበላሻል። ስለዚህ ሳይዘገይ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ይኖርበታል። ኮምፒዩተሩን ራሳችሁ የምትገጣጥሙ ከሆነ፥ በገበያ ዲቪዲ ሮም የሚባለውን ዲስክ አንባቢ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን መርምሩ።

በመጀመሪያ የዲስኩን ዓይነት ለዩ። ሲዲ፥ ዲቪዲና ብሉሬይ ስፋታቸው እኩል 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም፥ የሚነበቡበት ብርሃን ይለያያል። የሲዲ አንባቢ ዲቪዲን አያነብም፤ የዲቪዲ አንባቢ ግን ሲዲንም ያነባል።

ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መሰኪያ ተመልከቱ። የቀድሞው አይዲኢ ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ሲኖረው፥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ሳታ ጠባብ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

በመጨረሻም የኮምፒዩተሩን ቀፎ ፊት በማስመሪያ ለኩ። አንባቢው የሚገባበት ክፍተት ወርዱ 15፥ ከፍታው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ክፍተቱ ከሌለ በዩኤስቢ የሚሰካውን ውጫዊ አንባቢ ምረጡ።

ሳይመረመር የተገዛ ዕቃ ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል፤ ያለፈ ሠርግ ደግሞ ዳግመኛ አይቀረጽም።