የውጭ የትምህርት ልውውጥ ዕድል በገንዘብ አይገዛም

በውጭ ሀገር የመማር ዕድል ተገኘ ሲባል አርሶ አደሩ በሬውን፣ የከተማው ነዋሪ ያለውን ጥሪት ሸጦ ለልጁ መንገድ ለመክፈት ማሰቡ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ እውነተኛ የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ቦታ አይሸጥም። አሠራሩን ማወቅ የቤተሰብን ሀብት ከአታላይ ደላላ ይጠብቃል።

የትምህርት ልውውጥ ማለት ተማሪው በሀገሩ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበ ለተወሰነ ጊዜ በሌላ ሀገር ተቋም ተምሮ የሚመለስበት ሥርዓት ነው። በዓለም በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፈው ኢራስመስ ነው። ፕሮግራሙ እ.አ.አ በ1987 በ11 ሀገራት ሲጀመር የተሳተፉት ተማሪዎች 3 ሺህ 244 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ኢራስመስ ፕላስ በሚል ስያሜ የሚታወቅ ሲኾን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ሊሳተፉበት ይችላሉ።

ለተሳትፎ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከ2 እስከ 12 ወራት የሚቆየው ልውውጥ ነው። ይህ የሚኾነው የተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ ተቋም ጋር የልውውጥ ስምምነት ሲኖረው ነው፤ ተማሪውን የሚመርጠውም የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቀባዩ ተቋም የትምህርት፣ የምዝገባም ኾነ የፈተና ክፍያ አይጠይቅም።

ከጉዞው በፊት ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ተቋም የትምህርት ስምምነት ይፈራረማሉ። በውጭ የሚወሰዱት ኮርሶች በሀገር ቤት የትኞቹን እንደሚተኩ የሚወሰነው በዚህ ሰነድ ነው። ይህ ሳይጠናቀቅ የሄደ ተማሪ ሲመለስ የተማረው ላይቆጠርለትና የምረቃ ጊዜው ሊራዘምበት ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ እ.አ.አ በ2004 የተጀመረው ኢራስመስ ሙንደስ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ወይም በመጨረሻ ዓመት ላይ የሚገኝ ተማሪ በቀጥታ ለፕሮግራሙ አዘጋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ያመለክታል። ትምህርቱ የማስተርስ ሲኾን ቢያንስ በሁለት ሀገራት ይሰጣል። የነጻ ትምህርት ዕድሉን ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ በወር 1 ሺህ 400 ዩሮም ይሰጠዋል። ይህ ገንዘብ የጉዞና የቪዛ ወጪንም የሚያጠቃልል በመኾኑ የመጀመሪያው የአውሮፕላን ቲኬት በምን እንደሚገዛ ተማሪው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው።

የልውውጥ ዕድል ሀገር ለቆ የመቅረት ፈቃድም አይደለም። እ.አ.አ በ1946 በተመሠረተው የአሜሪካ የፉልብራይት ፕሮግራም የሄደ የውጭ ሀገር ተማሪ በአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በሀገሩ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት።

ተማሪው ከራሱ የሚያወጣው ምንም ገንዘብ የለም ማለት ግን አይደለም። የፓስፖርት ክፍያ አለ፤ እንደ ፕሮግራሙ የቋንቋ ፈተና ክፍያም ሊኖር ይችላል። እነዚህ በቀጥታ ለሚመለከተው ተቋም በደረሰኝ የሚፈጸሙ ናቸው። “ቦታ ላስይዝ” ወይም “ስምህን ላስገባ” ብሎ በግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም፣ ቤተሰብ ከመክፈሉ በፊት ተማሪው በዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ጉዳዮችን የሚከታተለውን ክፍል በአካል ሄዶ ማነጋገር ይኖርበታል።